«አልጋ የለም» የተባሉ ሰዎች ሆቴል

ሎስ አንጀለስ የሚኖር ሐበሻ ከአገር ቤት ዘመድ ሲመጣበት ሆቴል አይዝለትም። ልጆቹን ሳሎን አስተኝቶ መኝታ ቤታቸውን ይለቅለታል እንጂ። እንግዳው ራሱ «ሆቴል ልያዝ» ቢል የሚከተለው ቅያሜ ነው። አስተናጋጁ አየር ማረፊያ ወጥቶ ይቀበለዋል፣ በማግስቱ ትንሿ ኢትዮጵያ ወደምትባለው ፌርፋክስ ወስዶ ክትፎ ያበላዋል፣ ሆሊውድን ያሳየዋል፣ ሳንታ ሞኒካ ባሕር ዳር ፎቶ ያነሳዋል፤ ጉብኝቱም እዚያ ላይ ያበቃል። ከፌርፋክስ በአስር ቁጥር ፍሪዌይ ወደ ምሥራቅ ነድተው፣ በሴንትራል አቬኑ ወርደው ወደ ደቡብ ሲታጠፉ፣ አርባ ሁለተኛው መንገድ አጠገብ ስለቆመው ባለ አራት ፎቅ የጡብ ሕንፃ የሚያነሳ ሰው አይገኝም። መንገዱ ካልተጨናነቀ ግን ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም። ሕንፃው ደንባር ይባላል። በ1928 ሲከፈት (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ስሙ ሳመርቪል ሆቴል ነበር፤ በጥቁሮች ገንዘብ፣ በጥቁር ሠራተኛ ጉልበት፣ ለጥቁር እንግዳ የተሠራ የቅንጦት ሆቴል።

ያሠሩት የጥርስ ሐኪም ናቸው። ዶክተር ጆን ሳመርቪል ጃማይካ፣ ኪንግስተን ተወልደው በ1902 ገና በወጣትነታቸው ካሊፎርኒያ መጡ። ሳን ፍራንሲስኮ ደርሰው ከጓደኛቸው ጋር ማደሪያ ሲፈልጉ በየሆቴሉ በር ተመለሱ፤ ምግብ ቤቱም እንደዚያው ሆነባቸው። ጃማይካም ብትሆን የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ነበረች፤ እንዲህ ፊት ለፊት «ለአንተ አይሆንም» መባል ግን ለወጣቱ አዲስ ነገር ነበር። ኋላ ሬድላንድስ በምትባል ከተማ ሠርተው ባጠራቀሙት ገንዘብ የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤት ገቡ። ነጮቹ ተማሪዎች መጀመሪያ ላይ «አብረነው አንማርም» ብለው አምጸው ነበር። ሳመርቪል በ1907 ተመረቁ፤ ከትምህርት ቤቱ የወጡ የመጀመሪያው ጥቁር እሳቸው ናቸው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ቬዳም እዚያው ተምረው በ1918 ሲመረቁ ከጥቁር ሴቶች ቀዳሚዋ ሆኑ።

የጥንዶቹ ቤት እንደ ሕዝብ ማረፊያ ነበር። የጥቁሮች መብት ተሟጋች የሆነው ማኅበር፣ ኤን ኤ ኤ ሲ ፒ፣ የሎስ አንጀለስ ቅርንጫፉን የጀመረው እነሱ ሳሎን ውስጥ ነው። የማኅበሩ ታላቅ ሰው ዱቦይስ ወደ ከተማዋ ሲመጡም የተስተናገዱት እነሱ ዘንድ ነበር። በአውሮፓና በአሜሪካ የተማሩ፣ መጻሕፍት የጻፉ፣ ገንዘብ የማያጡ ሰው ቢሆኑም መሀል ከተማው ሆቴል ገብተው አልጋ መያዝ ቀላል አልነበረላቸውምና፣ የወዳጅ ቤት ብቸኛው መፍትሔ ነበር።

እንዲህ ያለው በር መዝጋት ለኛም ሰዎች አልቀረም። በ1919 ደጃዝማች ናደው፣ ከንቲባ ገብሩ ደስታ፣ በኋላ ብላቴን ጌታ የተባሉት ኅሩይ ወልደ ሥላሴና ባልደረባቸው ከኢትዮጵያ መንግሥት ተልከው አሜሪካ መጡ። ዋሽንግተን በክብር ተቀበለቻቸው። ኒውዮርክ ላይ ግን አንድ ታዋቂ ክለብ ለእራት ከጋበዛቸው በኋላ የቆዳቸውን ቀለም አይቶ ግብዣውን ሰረዘ፤ ነገሩም በጋዜጣ ወጣ። በ1936 ደግሞ ከሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ በሕክምና የተመረቁት ዶክተር መላኩ በያን ከወራሪው ኢጣሊያ ጋር በተደረገው ጦርነት አገልግለው፣ የንጉሠ ነገሥቱ መልእክተኛ ሆነው ኒውዮርክ ሲገቡ፣ አንድ ሆቴል አላሳድርም አላቸው። ወደ ጥቁሮቹ ሰፈር ሃርለም ሄደው ወገን ዘንድ አረፉ። በሚቀጥለው ዓመት የኢትዮጵያ የዓለም ፌዴሬሽንን እዚያው ኒውዮርክ አቋቋሙ፤ በ1940 በለጋ ዕድሜያቸው እስኪያርፉም ለኢትዮጵያና ለጥቁር ሕዝብ አንድነት ሠሩ።

እዚህ ላይ ከራሳችን የሆቴል ታሪክ ጋር ማስተያየት ደስ ይለኛል። እቴጌ ጣይቱ ፒያሳ ላይ ሆቴላቸውን በ1907 ሲከፍቱ የገጠማቸው ችግር የዚህ ተቃራኒ ነበር። በዚያን ዘመን አገር ቤት «የመሸብኝ እንግዳ ነኝ» ያለን መንገደኛ «ቤት የእግዚአብሔር ነው» ብሎ ማሳደር ግዴታ ነበር። በብር መብላት፣ በብር መተኛት ነውር ነበር፤ ምግብ ሸጦ መኖርም እንዲሁ። እንደሚተረከው መኳንንቱ እየፈሩ ስለቀሩ አጼ ምኒልክ ራሳቸው ገብተው፣ በልተው፣ ሒሳብ ከፍለው ማሳየት ነበረባቸው። አዲስ አበባ ላይ እንግዳው እንዲከፍል ማስተማር ያስፈልግ ነበር። ሎስ አንጀለስ ላይ ብሩን በእጁ የያዘው እንግዳ የሚቀበለው አጣ። ሁለቱም ሆቴሎች የከተማ ሥልጣኔ ተብለው ተወድሰዋል፤ የመጀመሪያው ግን ከደግነት ብዛት፣ ሁለተኛው ከደግነት እጦት የመጣ ነው።

ሴንትራል አቬኑ ለምን የጥቁሮች መንገድ ሆነ ቢባል መልሱ ባቡርና ወረቀት ነው። በባቡር የእንቅልፍ ፉርጎዎች ውስጥ በአስተናጋጅነት የሚሠሩት ጥቁሮች ነበሩ፤ ጣቢያው ከመንገዱ ራስጌ ስለነበር ቤታቸውን እዚያው አቅራቢያ ሠሩ። ወረቀቱ የቤት ውል ነው። በ1920ዎቹ አዳዲስ የምዕራብ ሎስ አንጀለስ ሰፈሮች ሲመሠረቱ፣ «ይህ ቤት ነጭ ላልሆነ ሰው አይሸጥም፣ አይከራይም» የሚል አንቀጽ በየውሉ ይገባ ነበር። ዛሬ ሐበሻ ሱቅ ከፍቶ፣ ቤት ገዝቶ በሚኖርበት የከተማዋ ክፍል ብዙው ቦታ ያኔ ለጥቁር ዝግ ነበር። ስለዚህ ሐኪሙም፣ ጠበቃውም፣ ልብስ አጣቢዋም፣ ሙዚቀኛውም አንድ መንገድ ላይ ታጨቁ። ከዚህ መታጨቅ ነው ሴንትራል አቬኑ ጋዜጣውን፣ ባንኩን፣ ቲያትሩን ያገኘው። ጎልደን ስቴት ሚውችዋል የተባለው የጥቁሮች የሕይወት መድን ኩባንያም ዋና መሥሪያ ቤቱን እዚያው፣ ከሆቴሉ ጎን ማለት ይቻላል፣ ያቆመው በዚያው በ1928 ነው።

ሆቴሉ የተከፈተው ለቀጠሮ ነው። ኤን ኤ ኤ ሲ ፒ ዓመታዊ ጉባኤውን ለመጀመሪያ ጊዜ በምዕራቡ ጠረፍ ሊያደርግ ሰኔ 1928 ሎስ አንጀለስን መረጠ፤ ከመላው አሜሪካ የሚመጡት ልዑካን የሚያርፉበት ደግሞ መኖር አለበት። ሳመርቪል ሥራውን ለጥቁር ተቋራጮችና ለጥቁር ግንበኞች ሰጥተው ሕንፃውን ለጉባኤው አደረሱት። ከ100 በላይ ክፍሎች ነበሩት። ከመንገዱ ሲገቡ በስፓኝ ስልት የተሠሩ ቅስቶች፣ ከላይ ትልቅ የመብራት ጌጥ፣ ግድግዳው ላይ ሥዕል፣ መሀል ላይ ሰማይ የሚታይበት ግቢ፤ ዙሪያውን ደግሞ ሰው ከላይ ሆኖ የሚገባ የሚወጣውን የሚያይበት ሰገነት። ምድር ቤቱ ላይ የጸጉር ማስተካከያ፣ የሴቶች ውበት ሳሎን፣ መድኃኒት ቤት፣ አበባ ሻጭ ነበሩ። እንግዳው ቁልፉን ተቀብሎ ሻንጣውን ካስረከበ በኋላ ከሕንፃው ሳይወጣ ጸጉሩን ተስተካክሎ፣ ኮቱ ላይ አበባ ሰክቶ፣ ነጭ ጨርቅ በለበሰ ጠረጴዛ ላይ እራቱን ይበላል። ይህ ለሌላው አሜሪካዊ ሀብታም የሰርክ ነገር ነበር። ከደቡብ ክፍለ ሀገር ሌሊቱን ሁሉ መኪና ሲነዳ፣ ነዳጅ ማደያው መጸዳጃ ቤት እንኳን ተከልክሎ ለመጣ ሰው ግን አልጋው ከአልጋ በላይ ነው። ዱቦይስ ሆቴሉን አይተው ተደንቀው በመጽሔታቸው ላይ አወድሰው ጻፉ።

ሳመርቪል ግን ሕንፃውን ይዘው አንድ ዓመት ከጥቂት ወራት ብቻ ቆዩ። በጥቅምት 1929 የአክሲዮን ገበያው ሲወድቅ እሳቸውም አብረው ወደቁ። ሆቴሉ ከሰፈሩ ውጭ ባሉ ባለሀብቶች እጅ ገባ፤ ስሙም በባለቅኔው በፖል ሎረንስ ደንባር ስም ተተካ። በ1930 ሉሲየስ ሎማክስ የተባለ ጥቁር ነጋዴ ስለገዛው ሕንፃው ወደ ሰፈሩ ሰው እጅ ተመለሰ። ሰውየው ከሐኪሙ የተለየ ፍጥረት ነበር። ሳመርቪል ለተከበሩ ቤተሰቦችና ለጉባኤተኞች የሚሆን ጨዋ ቤት አስበው ነበር፤ አዲሱ ባለቤት ዘፈንና ዳንስ አስገባበት። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች አጉረመረሙ። የቀድሞው የዓለም ከባድ ሚዛን ቦክስ ሻምፒዮን ጃክ ጆንሰን እንኳን በ1930ዎቹ እዚያው ውስጥ የምሽት ክለብ ከፍቶ ነበር። እኔ በዚህ ጉዳይ ከአጉረምራሚዎቹ ጋር አልቆምም፤ ሆቴሉን ዛሬም እንድናነሳው ያደረገው ያ ጫጫታ ነው።

ከሙዚቀኞቹ ዱክ ኤሊንግተን፣ ካውንት ቤዚ፣ ካብ ካሎዌይ፣ ቢሊ ሆሊደይ፣ ሉዊ አርምስትሮንግ፣ ሊና ሆርን፤ ሎስ አንጀለስ ሲመጡ አድራሻቸው ደንባር ነበር። ከጸሐፊዎቹ ላንግስተን ሂውዝ፣ ከሕግ ሰዎቹ ኋላ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ የሆኑት ቴርጉድ ማርሻል፣ ከስፖርተኞቹ ጆ ሉዊስ አርፈውበታል። በከልቨር ሲቲ የነበረውን ኮተን ክለብ የመሰሉ ትልልቅ ቤቶች መድረኩን ለጥቁር ሙዚቀኛ ሲሰጡ ወንበሩን ለነጭ ብቻ ያደርጉት ነበር፤ ሙዚቀኛው ለሌላው ሲጫወት አምሽቶ፣ ከጭብጨባው በኋላ የሚያድርበት ሴንትራል አቬኑ ነው። ስለዚህ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ መንገዱ ይነቃል። ክለብ አላባም የሚባለው ዳንስ ቤት ከሆቴሉ አጠገብ ነበር። የሰፈሩ ሰው ምርጥ ልብሱን ለብሶ ሎቢው ውስጥ ይቀመጣል፤ አልጋ የሚይዝበት ገንዘብ የለውም፣ ዱክ ኤሊንግተን ከደረጃው ሲወርድ ለማየት ግን የሚያስከፍለው የለም። ሃርለም የነበረው ፖስተኛ ቪክቶር ግሪን ከ1936 ጀምሮ የሚያሳትመው የጥቁር መንገደኞች መመሪያ፣ ግሪን ቡክ፣ ስለ ሎስ አንጀለስ ሲጽፍ ከሚጠራቸው ማረፊያዎች አንዱ ደንባር ነው።

በሌሎች ከተሞችም ወንድሞች ነበሩት። ሃርለም ቴሬሳ ሆቴል ነበራት፤ እስከ 1940 ድረስ ጥቁር አያስገባ የነበረው ይኸው ሆቴል ኋላ የጥቁር አሜሪካ ዋና ማረፊያ ሆኖ፣ በ1960 ፊደል ካስትሮን አስተናግዷል። በርሚንግሃም ላይ ጥቁሩ ከበርቴ ጋስተን በ1954 ሞቴል ሠሩ፤ ማርቲን ሉተር ኪንግ በ1963ቱ የመብት ትግል ጊዜ የሚያርፉት እዚያ ነበር፤ ሞቴሉም በዚያው ዓመት በቦምብ ተመታ።

አሁን ደግሞ ውድቀቱ። በ1948 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እነዚያን የቤት ውሎች ፍርድ ቤት ሊያስፈጽማቸው አይችልም ብሎ ፈረደ። በዚያው ዓመት ዘፋኙ ናት ኪንግ ኮል፣ ከዛሬዋ ትንሿ ኢትዮጵያ ብዙም በማይርቀው በሃንኮክ ፓርክ ሰፈር ቤት ገዛ። ጎረቤቶቹ ተሰብስበው ሊከለክሉት ሞከሩ፤ አልለቀቀም። ሐኪሙና ጠበቃውም ተከተሉት፤ የሰፈሩ ባለገንዘብ እየወጣ ሄደ። በ1953 ለየብቻ የነበሩት የጥቁርና የነጭ ሙዚቀኞች ማኅበራት ተዋሐዱ፤ ሙዚቀኛው የፈለገበት ሊጫወት፣ የፈለገበትም ሊያድር ጀመረ። በ1964 የሲቪል መብት ሕጉ ሲወጣ ሆቴሎች ማንንም በቀለሙ መመለስ በሕግ ተከለከለ።

«ሆቴሉን የገደለው ነፃነት ነው» የሚሉ አሉ። ነገሩ እውነትነት አለው፤ ሙሉ እውነት ግን አይመስለኝም። ፖሊስ ነጭና ጥቁር አብረው የሚዝናኑባቸውን የሴንትራል አቬኑ ክለቦች እየበረበረ፣ ጥንዶችን እያስቆመ፣ ደንበኛን አስመርሯል። ሀብታሙ ሲወጣ የቀረው ድሃ ብቻ ሆነ፤ ባንክም ለድሃ ሰፈር አያበድርም። አዲሱ ሕግ የሌላውን ሆቴል በር ለጥቁሩ ከፈተ እንጂ፣ ነጩን እንግዳ ወደ ደንባር አላመጣውም። መደባለቁ የአንድ አቅጣጫ መንገድ ነበር። ውድቀቱን በነፃነት ላይ ማላከክ ለፖሊሱም ለባንኩም ምሕረት ማድረግ ነው።

በርናርድ ጆንሰን የተባሉ ሰው በ1968 ሕንፃውን ገዙት። የጥቁሮች ታሪክ ቤተ መዘክር ሊያደርጉት ነበር ሐሳባቸው። በ1974 ሆቴልነቱ አበቃና በሩ ተዘጋ፤ በዚያው ዓመት ከተማው በታሪካዊ ቅርስነት መዘገበው፣ በ1976 ደግሞ ወደ ብሔራዊው መዝገብ ገባ። ባዶውን ሕንፃ ኮሜዲያኑ ሩዲ ሬይ ሙር «ዶልማይት» ለተባለው ፊልሙ ቀረጻ ተጠቀመበት፤ የዱክ ኤሊንግተን ማረፊያ የርካሽ ፊልም መቅረጫ መሆኑ የሚያሳዝነው ሰው ይኖራል፣ እኔ ግን ሰው ገብቶበት መሳቁ ከመፍረስ ይሻላል ባይ ነኝ። ቆይቶ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው አረጋውያን መኖሪያነት ታደሰ፤ እንደገና ደክሞ፣ እንደገና ተጠግኖ በ2013 ደንባር ቪሌጅ በሚል ስም ተከፈተ። ዛሬ ሰው ይኖርበታል። የድሮው ሎቢ ከነቅስቱ አለ።

ሳመርቪል ከውድቀታቸው በኋላ ወደ ጥርስ ሕክምናቸው ተመልሰው፣ ዕዳቸውን ተቋቁመው፣ የሕይወት ታሪካቸውን በ1949 አሳተሙ። በዚያው ዓመት የከተማው ፖሊስ ኮሚሽን አባል ሆነው ተሾሙ፤ ከጥቁሮች የመጀመሪያው ናቸው። በአልጋ ጉዳይ ከበር የተመለሱት ወጣት ፖሊስን ከሚቆጣጠሩት አንዱ ሆኑ ማለት ነው። ባልና ሚስት ረጅም ዕድሜ ኖረው፣ ወይዘሮ ቬዳ በ1972፣ ሳመርቪል በ1973 አረፉ።

ይህን ሁሉ ፌርፋክስ ላይ ላለ አንባቢ ለምን አነሳለሁ? የከተማው ምክር ቤት በ2002 ከኦሊምፒክ እስከ ዊትዎርዝ ያለውን የፌርፋክስ መንገድ ትንሿ ኢትዮጵያ ብሎ ሲሰይም፣ ስሙን ያስገኙት ምግብ ቤቶች ናቸው። ሮዛሊንድስ፣ መሶብ፣ መርካቶ እያልን የምንጠራቸው ቤቶች ከማብላት ሌላ የሎቢን ሥራ ሠርተዋል። አዲስ የመጣ ሰው ሥራ የጠየቀባቸው፣ የሚከራይ ክፍል ያፈላለገባቸው፣ የኮንሰርት ማስታወቂያ ያነበበባቸው፣ የለቅሶ መርዶ የሰማባቸው ናቸው። እነዚህን ቤቶች የከፈተ ማንም «ሌላ ቦታ አትግባ» ተብሎ አይደለም፤ ሽሮና ቡና ናፍቆ ነው። የምንገባበት በር ሁሉ ክፍት ሆኖ የጠበቀን ግን ከእኛ በፊት እነ ሳመርቪል ስለከፈቱት ነው። ይህንን እኛ ብዙ ጊዜ አንናገርም። ሳሎናችን ውስጥ ስለ ጥቁር አሜሪካውያን የሚነገረውን ወሬ የሚያውቅ ሰው፣ ለምን እንደማንናገረው ያውቃል።

ሌላም ነገር አለ። የፌርፋክስ ልጆች ዛሬ ሱሺም ታኮም ይበላሉ፣ የፈለጉበት ሰፈር ይኖራሉ፣ ምግብ ቤቱን ከእናታቸው የመረከብ ዕቅድ የላቸውም። መብታቸው ነው፤ እናቲቱም ቆማ ስትሠራ የኖረችው ልጇ ምድጃ ፊት እንዳትቆም ነው። ደንባርን ከመፍረስ ያዳነው ግን ደንበኛው አልነበረም። ሕንፃውን ገዝተው «ይህ መቆየት አለበት» ያሉ ጥቂት ሰዎች፣ በመዝገብ ያስገቡት፣ ፎቶውንና ወረቀቱን ያስቀመጡት ናቸው።

ስለዚህ የፌርፋክስ ባለቤቶች የመጀመሪያውን የኪራይ ውል፣ የመጀመሪያውን ሜኑ፣ የምረቃ ዕለቱን ፎቶ አትጣሉ፤ ለልጆቻችሁ ወይም ለቤተ መጻሕፍት አስረክቡ። እንግዳ የምታስጎበኙም ከሆሊውድ አንድ ሰዓት ቀንሱና ሴንትራል አቬኑ ውሰዷቸው። የሴንትራል አቬኑ የጃዝ ፌስቲቫል ከ1996 ጀምሮ እዚያው መንገድ ላይ በየዓመቱ ይደረጋል፤ መግቢያው በነፃ ነው። ሕንፃው የሰው መኖሪያ ስለሆነ ግን ፎቶ ስታነሱ የነዋሪዎቹን በር አትዝጉባቸው።